በዓይን የሚወረስ ኃይል

ከአዲስ አበባ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አድርጎ ወደ ምዕራብ የሚሄደው መንገድ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ አምቦ ይደርሳል፤ ጥቂት አለፍ ብሎ ጉደር፣ ከዚያም ጌዶና ባኮ ይከተላሉ። በእነዚህ ከተሞች ማንም ሳያሠለጥነው ደብተሩን በፊትና በዓይን ሥዕል የሚሞላ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሲገኝ፣ ጎረቤት የሚሰጠው ማብራሪያ አጭር ነው፤ ከዘሩ ነው። አያቱ ክታብ ይጽፉ ነበር፣ የእናቱ ወገን ቃሉ የሚባለው የኦሮሞ መንፈሳዊ መሪ ቤት ነው፣ ወይም ሴት አያቱ ሸክላ ይሠሩ ነበር ይባላል። አንዱ ይህን በኩራት ይናገራል፤ ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያንሾካሹካል። ልጁም ብሩሹ በእጁ ሲፈጥንለት፣ ያላሰበው መስመር ከፊቱ ሲወጣ፣ ከራሱ የሚበልጥ ነገር እንደያዘው ሊሰማው ይችላል። የጥንት ኃይል በደም ወርዶ በወጣት ሠዓሊ እጅ ድንገት ይገለጣል የሚለው ታሪክ በብዙ አገር ልብ ወለድና ፊልም ይወደዳል። እኛ ዘንድ ግን ነገሩ ከልብ ወለድ ያልፋል፤ ሰው በሰው ላይ ፍርድ የሚሰጥበት እምነት ነውና በቁም ነገር መመርመር አለበት። የምከራከርለት ሐሳብ ይህ ነው፤ በዚህ አገር ባህል ሥዕል ኃይል አለው፣ ያም ኃይል ይወረሳል፤ የውርሱ መንገድ ግን ዓይንና አገልግሎት እንጂ ደም አይደለም። ሁለቱን ማምታታት ለወጣቱ ከፍ ያለ ዋጋ ያስከፍለዋል።

ኃይሉ ምን እንደሆነ ለመረዳት የክታብን ሥራ ከመነሻው መከተል ያሻል። አንዲት ሴት የምትወልዳቸው ልጆች ይሞቱባታል እንበል። ሾተላይ ነው ይሏታል። ደብተራው ዘንድ ስትሄድ አስቀድሞ የምትጠየቀው የክርስትና ስሟንና የእናቷን ስም ነው። ደብተራው ፊደላቱን በዐውደ ነገሥት ሥርዓት ቆጥሮ ኮከቧን ያወጣል፤ ኮከቧም የትኛው በግ ወይም ፍየል፣ በምን መልክ፣ መታረድ እንዳለበት ይነግረዋል። ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ደርቆ ብራና ይሆናል። ብራናው በቀጭኑ ይቆረጥና ቁራጮቹ በጠፍር እየተሰፉ ርዝመቱ ከሴቲቱ ቁመት ጋር ይስተካከላል፤ ከራስ ጠጕሯ እስከ እግር ጥፍሯ ሳይጠበቅ የሚቀር ቦታ እንዳይኖር። ከዚያ መቃው ይቀረጻል። ጸሎቱ በጥቁር ቀለም፣ ቅዱሳን ስሞችና የሴቲቱ ስም በቀይ ይጻፋሉ። ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ሆኖ ሕፃናት ገዳይዋን ውርዝልያን በጦር የወጋበት ታሪክ ይተረካል። በጽሑፉ መካከል ሥዕሉ ቦታውን ይይዛል፤ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ፣ መካከሉ ላይ ፊት ያለበት ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ፣ የሰሎሞን መርበብት፣ በየማዕዘኑም ዓይን። ሲያልቅ ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር ይገባና አንገት ላይ ይታሰራል፣ ወይም በሽተኛዋ ከተኛችበት አጠገብ ይሰቀላል።

ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዣክ መርሲዬ ለብዙ ዓመታት ከደብተራዎች ጋር እየተወያየ የእነዚህን ጥቅልሎች አሠራር አጥንቷል። እንደ እርሱ ማብራሪያ ሥዕሉ ኃይሉን የሚያገኘው በሚያየው ሰው ዓይን በኩል ነው። ክፉው መንፈስ በበሽተኛዋ ውስጥ ሆኖ በእርሷ ዓይን ወደ ውጭ ይመለከታል፤ በብራናው ላይ ከተሣሉት ዓይኖች ጋር ሲገጣጠም ይደነግጥና ይሸሻል። ሥዕሉ የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚያይም ነው ማለት ነው። ይህ አስተሳሰብ ደግሞ የደብተራው ብቻ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ ጻድቃንና ሰማዕታት ፊት ለፊት፣ ሁለቱም ዓይናቸው ጎልቶ ይሣላሉ፤ ሰይጣንና ከሓዲዎች በጎን፣ ባንድ ዓይን። ምእመኑ በሁለት ዓይን ከሚያየው ቅዱስ ጋር ይገጣጠማል፣ ክፉው ግን እርሱን እንዳያይ ፊቱ ይዞራል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዋና ከተማቸውን ሊያዛውሩበት አስበው በኋላ ወደ ማርያም ቤተ ክርስቲያንነት በተለወጠው የአዲስ ዓለም ግቢም ሆነ በሌላ ደብር፣ ሥዕል ባለበት ቅጥር ውስጥ ከእናቱ ነጠላ ሥር ሆኖ ረጅም ቅዳሴ የቆመ ሕፃን ይህን ሕግ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ስድስት ሰባት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ያንኑ ፊት ያየ ልጅ፣ አንድ ቀን እርሳስ ሲይዝ ትልልቅ ዓይኖች ቢወጡለት የሚገርም አይሆንም። እርሱ ግን ሲማር እንደኖረ አያውቅምና ችሎታው ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ የሚያመለክተው ደሙን ነው።

ክታብ የሚጽፈው ሰውስ ችሎታውን ከየት አመጣ? ቤተሰቡ ከአባቱ ይላል። ጠጋ ብለን ስናይ ግን በአባትና በልጅ መካከል ብዙ የድካም ዓመት አለ። ልጁ ፊደል ይቆጥራል፣ ዳዊት ይደግማል፣ ከዚያ አገሩን ትቶ ከደብር ደብር ይዞራል፤ በየደጁ ቁራሽ እየለመነ ዜማ ይማራል፣ ቅኔ ይቆጥራል። ጠልሰም የሚባለው የክታቡ ሥዕል ግን በጉባኤ የሚሰጥ ትምህርት አይደለም። ልጁ ለየኔታ ውሃ እየቀዳ፣ እንጨት እየለቀመ ሲያገለግል እርሳቸው ይመዝኑታል፤ ምሥጢር መቻሉን፣ ቁጣ አለማወቁን፣ ሲገለብጥ ፊደል አለመዝለሉን ያያሉ። ካመኑት የእጅ መጽሐፋቸውን ያስገለብጡታል። ያ የታመነ ልጅ የአብራካቸው ክፋይ ሊሆን ይችላል፤ ከሩቅ አውራጃ የመጣ ባዕድ ሊሆንም ይችላል። የአብራካቸው ክፋይ ቢሆንም እንኳ ካላገለገለና ካልገለበጠ፣ አባቱ ሲሞቱ የሚቀርለት ምሥጢሩን የማይፈታው ብራና ነው። ጌራና ጌዴዎን የሚባሉት ሁለቱ ታላላቅ የጠልሰም ሠዓሊዎች በዚህ የቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ሊቃውንት ነበሩ፤ ሥራዎቻቸው በ1992 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ከጥንታውያን ጥቅልሎች ጋር ለሕዝብ ሲቀርቡ የዓለም የሥነ ጥበብ ሰዎች ቆመው ተመለከቷቸው። የጌዴዎን የቀለም መስመሮች በወረቀት ላይ እንደ ጥቅጥቅ ደን ይጠላለፋሉ፤ ፊት ከፊት ይወጣል፣ ዓይን ዓይንን ይወልዳል። ከቀደሙት ሥርዓቶች አልፎ መሄድ የቻለው ግን ሥርዓቶቹን እስከ ጥፍራቸው ስላወቃቸው ነበር። ያልተማረ እጅ እንዲህ ያለ ነጻነት አይኖረውም።

በአምቦ ዙሪያ ከቤተ ክህነት ጎን ለጎን የሚኖር ሌላ የቆየ ውርስም አለ። በማጫ ኦሮሞ ዘንድ ታላቅ አያና፣ ማለትም መንፈስ፣ የሚያድርበት ሰው ቃሉ ይባላል። ተከታዮቹ ገልማ በሚባለው ቤቱ ይሰበሰባሉ፤ ይዘመራል፣ ቡና ይፈላል፣ ስእለት ይገባል፣ የተጣላ ይታረቃል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው ካርል ኤሪክ ክኑትሶንና አሜሪካዊው ኸርበርት ሉዊስ በምዕራብ ሸዋ ይህን ተቋም ከቅርብ አጥንተዋል። ሁለቱም ገልማውን የአምልኮ ቦታ ብቻ አድርገው አልገለጹትም፤ የመሬት፣ የጋብቻና የጉዳት ክርክር የሚሰማበት፣ ሽማግሌዎች የሚፈርዱበት ሸንጎም ነበር። የቃሉነት ማዕረግ በዘር ይተላለፋል ይባላል፤ እዚህ ላይ ነው የደም ክርክር ጠንካራ የሚመስለው። ነገር ግን አያናው የበኩር ልጅን አይቶ በቀጥታ አይወርድም። ከወገኑ መካከል አንዱን ይመርጣል ተብሎ ይታመናል፤ የተመረጠውም መመረጡን በሕዝብ ፊት ማሳየት አለበት። የተናገረው ካልያዘ፣ ፍርዱ ካደላ፣ ተከታዩ ወደ ሌላ ገልማ ይሄዳል። እዚያ ቤት ያደገ ልጅ ከሌሎች የሚለየው አዋቂዎች ሲያደምጡ፣ ሲዳኙ፣ ከበሮው መቼ እንደሚፋጠንና መቼ ዝም እንደሚል ዕድሜውን ሙሉ በመመልከቱ ነው። የገልማው ጥበብ በብሩሽ የሚሠራ አይደለም፤ በልብስ፣ በጨሌ፣ በበትር፣ በሰዎች አቀማመጥና በዜማ የሚቀናበር ነው። አንድ ወጣት ይህን ሁሉ በውስጡ ይዞ ወረቀት ላይ ሲቀመጥ ሥዕሉ ሥርዓት ቢኖረው ምንጩ ግልጽ ነው።

የደም እምነት ልጁን የሚያስከብር መስሎ የሚታያቸው ሰዎች ሌላውን ገጹን ማየት አለባቸው። ያው እምነት ነው ሸክላ ሠሪዋን፣ አንጥረኛውን፣ ቆዳ ፋቂውን ቡዳ ያሰኘው። ክፉ ዓይን በዘር ይወርዳል፣ እጀ ብልሃተኛው በቀን ብረት ይቀጠቅጣል በሌሊት ጅብ ይሆናል እየተባለ ስንት ትውልድ ከጋብቻ፣ ከማዕድና ከመሬት ተገልሎ ኖረ። ለሙሽራ የሚቀርበውን ጀበና፣ ለጠላው የሚሆነውን ጋን፣ ለእርሻው የሚያስፈልገውን ማረሻ የሚሠሩት እነርሱ ሆነው ሳለ፣ ሲሞቱ እንኳ ተለይተው የሚቀበሩበት አካባቢ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል፤ አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ የሰውን ኑሮ ስለሚያፈርስ ነው። ልብ ብሎ ላየው፣ የተከበረው ቃሉና የተናቀችው ሸክላ ሠሪ በአንድ አስተሳሰብ ሁለት ጫፍ ላይ የቆሙ ናቸው፤ ሁለቱም በልምምድ ያገኙት ዕውቀት በሥጋቸው ውስጥ እንዳለ ነገር ተቆጥሮባቸዋል። ዛሬ በጉደር ወይም በጌዶ የሸክላ ሠሪ የልጅ ልጅ የሆነች ወጣት ጥሩ መሣል ስትጀምር «ከዘሯ ነው» የሚለው ቃል ሙገሳ ይሁን ክስ የሚወሰነው በተናጋሪው ፊት ብቻ ነው። ልጅቱ ችሎታዋን በይፋ ለመያዝ የምትፈራው በዚህ ምክንያት ከሆነ፣ የጠፋው ሥዕል ብቻ አይሆንም። የደምን እምነት በየዋህነት የሚያደንቁ ጸሐፊዎችና የፊልም ሰዎች ይህን መርሳት የለባቸውም እላለሁ።

ውርሱ በደም እንደማይሄድ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳየው የእስክንድር ቦጎሲያን ሕይወት ነው። እስክንድር በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ዘመን አዲስ አበባ ተወለደ፤ አባቱ የአርመን ዝርያ ያላቸው የክብር ዘበኛ መኮንን ኮሎኔል ኮስሮፍ ቦጎሲያን፣ እናቱ ወይዘሮ ፀዳለ ወልደ ተክሌ ነበሩ። ገና 17 ዓመት ገደማ ሳለ በንጉሠ ነገሥቱ የኢዮቤልዩ በዓል የሥዕል ውድድር ሁለተኛ ወጣ፤ በ1955 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ለንደን ሄደ፣ ከዚያም ፓሪስ ብዙ ዓመት ቆየ። የክታቡ ዓይን፣ የጥቅልሉ ቀጭን ረጅም ቦታ፣ የማይነበብ የሚመስለው ፊደል፣ በሥራዎቹ ውስጥ ነፍስ ዘርተው የወጡት በባዕድ አገር፣ ከምዕራብ አፍሪካ ጥበብ፣ ከፓውል ክሌ፣ ከኩባዊው ዊፍሬዶ ላምና ከቺሊያዊው ሮቤርቶ ማታ ሥራዎች ጋር ከተገናኘ በኋላ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. የሣለውን «የጁጁ ሠርግ» የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ገዛው። በ1966 እ.ኤ.አ. ተመልሶ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያስተምር፣ በኋላም በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፣ ወጣቶች በየቤታቸው ግድግዳ የተሰቀለውን ክታብ እንደ አዲስ እንዲያዩት አደረጋቸው። ዘሪሁን የትምጌታ በቀርከሃ ስንጥር ላይ ጠልሰምን አዲስ ቅርጽ የሰጠው በዚያው መንፈስ ነው። ግማሽ ዝርያው ከአርመን የሆነ ልጅ የአበሻን ክታብ ለዓለም ሥነ ጥበብ ካወረሰ፣ ውርሱን ያስተላለፈለት የደም ሥሩ ነው ማለት አይቻልም። በልጅነቱ አይቷል፣ በወጣትነቱ ርቆ ናፍቋል፣ በብስለቱ ተመልሶ አጥንቷል።

ምዕራብ ሸዋ የራሱ ምስክር አለው፤ ምንም እንኳ ብሩሽ ሳይሆን ብዕር የያዘ ቢሆን። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. ከአምቦ አጠገብ ቦዳ ተወለደ። በአባቱ ኦሮሞ፣ በእናቱ የአንኮበር አማራ ሲሆን፣ በልጅነቱ ከብት ጠብቋል፣ ግዕዝም ተምሯል። ገና የአምቦ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒሰስና ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች የጻፈው ተውኔት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት ታይቶለታል። በ29 ዓመቱ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተቀበለ። አንድ ልጅ ከሁለት ወገን የሚመጣውን ውርስ፣ የኦዳ ዛፉን ጥላና የቅኔውን ቤት፣ አብሮ ይዞ እንዲህ ሲፈነዳ ሰው «መንፈስ አለበት» ቢል አይፈረድበትም። ጸጋዬ ግን ስለ አባቶች ኃይል የጻፈውን ማየት ይገባል። በ1965 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ ማተሚያ ቤት የታተመው የእንግሊዝኛ ተውኔቱ «ኦዳ ኦክ ኦራክል» የሚያወራው ከዛፉ ሥር ስለሚነገር ንግርት ነው፤ ንግርቱ አዲስ የተጋቡት ወጣቶች የሚወልዱት በኩር ለአባቶች መንፈስ እንዲሠዋ ያዝዛል፣ ወጣቶቹም በዚያ ትእዛዝ ይጠፋሉ። የአምቦው ልጅ ውርስን ይወድ ነበር፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲቆፍረው ኖሯል። ወጣቱ ሳይጠየቅ በላዩ የሚወርድ ኃይል ምን ያህል አስፈሪ እንደሆነም ያውቅ ነበር። አንድ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ሊይዝ እንደሚችል ከእርሱ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ከእምነት ወገን ነው፤ ቀላል ተቃውሞም አይደለም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ጠንቋይንና አስማተኛን በጽሑፍም በሰይፍም አሳድደዋል። ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ክታብንና አስማትን ታወግዛለች። በምዕራብ ኢትዮጵያ ሥር የሰደደችው መካነ ኢየሱስና ሌሎች የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናትም ገልማን ከነጓዙ መተው የመዳን ምልክት አድርገው ያስተምራሉ። አንድ የአምቦ አባት ልጄ ጠልሰም እንዳይነካብኝ ቢል መብቱ ነው፤ ተማሪን ወደ ገልማ ሂድ፣ ክታብ ጻፍ ብሎ ማስገደድም ነውር ነው። ነገር ግን ጥናትና አምልኮ አንድ አይደሉም። የጠልሰሙ ዓይንና የቅዱስ ጊዮርጊስ ዓይን ከአንድ የሥዕል ወግ የወጡ ናቸው፤ አንዱን ሳያውቁ ሌላውን ማስረዳት ይከብዳል። ከዚህም በላይ የማየው አንድ ነገር አለ። አውጋዡም አድናቂውም በአንድ ነጥብ ይስማማሉ፤ ኃይሉ በዘር ውስጥ ነው ይላሉ። አውጋዡ የሦስት ትውልድ እርግማን ነው ሲል አድናቂው የሦስት ትውልድ ጸጋ ነው ይላል። ነገሩ በይፋ ካልተጠና ልጁ የሚሰማው እነዚህን ሁለት ድምፆች ብቻ ነው። አያቱ ለስንት ዓመት ቅኔ እንደቆጠሩ፣ ብራናውን እንዴት እንደፋቁ፣ ቀለሙን ከምን እንዳዘጋጁ የሚነግረው አያገኝም። አጉል እምነትን የሚያሳድገው ይህ ዝምታ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሐኪም ቤት ይመጣል፤ ክታብ ያድናል እያልክ በሽተኛ ታሳስታለህ ይላል። በዚህ ላይ ቃል ማድበስበስ አይገባም። ሕዝባችን ሾተላይ የሚለው ጉዳት በእናትና በጽንስ ደም መካከል ካለው የአር ኤች አለመጣጣም ሊመጣ እንደሚችል ሕክምና ያውቃል፤ በእርግዝና ወቅት የደም ምርመራ አድርጎ፣ ከወሊድ በኋላም በ72 ሰዓት ውስጥ ፀረ ዲ የተባለውን መርፌ በመውሰድ ቀጣዩን ልጅ ማዳን ይቻላል። ባርያ የሚባለው የሚጥል በሽታም መድኃኒት አለው። እነዚህን ትቶ በብራና ብቻ መጠበቅ ሕይወት ያጠፋል። ሆኖም ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ የሚቀር ጥያቄ አለ። ልጆቿ የሞቱባት ሴት በቁመቷ ልክ የተሰፋ፣ በስሟ የተጻፈ፣ ሌላ ሰው ዓይኑን አፍጥጦ ብዙ ቀን የደከመበት ነገር ስትቀበል ምን ይሰማታል? ሐዘኗ ስም አገኘ፣ መልክ አገኘ፣ ለብቻዋ መሸከሟ ቀረ። ይህ የሥነ ጥበብ ኃይል ነው፤ ከመርፌው ጋር አይጣላም፣ መርፌውንም አይተካም። ወጣት ሠዓሊ ከጠልሰም ሊማር የሚገባው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ሥዕል የተወሰነ ሰው፣ የተወሰነ ሐዘን፣ የተወሰነ ቁመት ሊኖረው እንደሚችል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ረቂቅ ነው። ተሰጥኦ የሚባል ነገር የለም ወይ? ልጁ ብሩሽ ሲይዝ የሚሰማው ድንገተኛ ኃይልስ ሐሰት ነው? ሐሰት አይደለም። ሰው ከሰው የሚለይበት የእጅ ጽናት፣ የዓይን ንቃት፣ ቅርጽ የመያዝ ችሎታ በተፈጥሮ ሊሰጥ ይችላል፤ በቤተሰብ ውስጥ ቢደጋገም አይደንቀኝም። የሰሎሞንን መርበብት ግን ማንም ከማኅፀን ይዞት አይወጣም። በዘር መካከል የሚደጋገመውን ስናይ አብሮ የሚደጋገመውን ሌላ ነገር መርሳት የለብንም፤ የደብተራ ልጅ ከመቃና ከብራና ጋር ያድጋል፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ ከመራመዷ በፊት ጭቃ ትነካለች። ደምና ጎጆ አንድ ላይ ስለሚወረሱ አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል፤ ለዚህም ነው የእስክንድር ዓይነት ከሁለት ዓለም የተወለደ ሰው ምስክርነቱ የሚከብደው። ድንገተኛነቱም ምክንያት አለው። ዓይን ለዓመታት ያጠራቀመውን እጅ አንድ ቀን ይደርስበታል። ልጁ መማሩን ስላላወቀ መቻሉ ከሌላ የመጣ ይመስለዋል። በእውነትም ከሌላ የመጣ ነው፤ ከአያቱ፣ ከየኔታ፣ ከግድግዳው ቅዱስ፣ ስማቸው ሳይጻፍ ከቀረ ብዙ ሠዓሊዎች። ይህን ምሥጢራዊ ብሎ የሚጠራ ሰው ቢኖር አልከራከረውም፤ ምንጩን ብቻ በትክክል ይጥቀስ።

እነዚህ ምንጮች ደግሞ ከእጃችን እየወጡ ነው፤ መውጣት የጀመሩትም ዛሬ አይደለም። በ1932 እ.ኤ.አ. በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ ጓድ ጎንደር ላይ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ጥንታዊ ሥዕሎች አንሥቶ በምትካቸው ቅጂ አኖረ፤ ዋናዎቹ ዛሬም ፓሪስ ናቸው። ጥቅልሎችም በብዛት አብረው ሄደዋል፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በሣጥን ተቀምጠው የሴቶች ስም በቀይ ቀለም ተጽፎባቸው ይገኛሉ፣ ወለተ ማርያም፣ ወለተ ጊዮርጊስ። በአገር ውስጥ የቀረው ለጎብኚ ይሸጣል፤ ረጅሙ ጥቅልል በፍሬም እንዲገባ የሚቆረጥበት ጊዜ አለ፣ ሲቆረጥም የሴቲቱ ቁመት አብሮ ይጠፋል። የአምቦ ተማሪ የገዛ አገሩን ሥዕል ለማየት በስልክ የፓሪስን ሙዚየም መክፈት ግድ ሆኖበት ሳለ፣ የአያቱ ጎረቤት የሆኑት አዛውንት ብራና መፋቅ እያወቁ የሚጠይቃቸው ሳያገኙ ያረጃሉ።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ ትምህርት ቤቱ ይመጣል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በአንደኛ ደረጃ የክዋኔና የዕይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት ይዟል፤ መልካም ጅምር ነው። መጽሐፉ ስለ ቀለም ክበብ፣ ስለ መስመርና ስለ ቅርጽ ማስተማሩ ተገቢ ሆኖ፣ በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ግን መጽሐፉ የማይዘው መምህር በየሰፈሩ አለ። ሸክላ ሠሪዋ እማማ ወደ ክፍል ይምጡ፤ ተማሪዎቹ ጭቃ እንዴት እንደሚለነቀጥ፣ ለምን በአሸዋ እንደሚደባለቅ፣ እሳቱ መቼ እንደሚበቃ ከእጃቸው ይመልከቱ። ብራና የሚፍቁ መሪጌታ አንድ ቆዳ ወጥረው ያሳዩ፤ አስማቱን ሳይጠሩ ፍቀቱን፣ የመቃውን አቀራረጽ፣ የቀለሙን አዘገጃጀት ብቻ ማስተማር ይቻላል። የገልማን ወግ የሚያውቁ ሽማግሌ ስለ ዕርቅ ሥርዓቱና ስለ ጨሌው ቀለማት ያስረዱ፤ የማይፈልግ ወላጅ ልጁን በዚያ ሰዓት እንዲያስቀር ይፈቀድለት። ከዚያ እያንዳንዱ ተማሪ ለሚያውቀው አንድ ሰው፣ በዚያ ሰው ቁመት ልክ፣ ስሙን ጨምሮ አንድ ሥዕል ይሥራ። ወረቀቱ ተለጣጥፎ በሜትር ይለካ፤ ሥዕሉ ሲያልቅም ለባለቤቱ ይሰጥ። ለእነዚህ ባለሙያዎች ለሌላ እንግዳ መምህር የሚከፈለው ያህል ይከፈላቸው፣ በትምህርት ቤቱ መዝገብም የሙያቸው ስም በመምህርነት ይግባ። የሸክላ ሠሪዋ የልጅ ልጅ ሴት አያቷን በመምህራን ወንበር ላይ ተቀምጠው ባየች ቀን፣ «ከዘሯ ነው» ለሚላት ሰው የምትመልሰው መልስ ይኖራታል፤ ከእኚህ መምህሬ ተምሬ ነው ትለዋለች።